ከአፈሩ በፊት ብርሃኑ

ቤት ውስጥ አትክልት ለማብቀል ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው የመትከያ ዕቃ ነው። ቀጥሎ አፈር ያፈላልጋል፤ ከዚያ ዘር፤ በመጨረሻ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ያይና ዕቃው የሚያምርበትን ቦታ ይመርጣል፦ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከረከቦቱ አጠገብ፣ ወይም ከኩሽናው መደርደሪያ ላይ። ዘሩ ይበቅላል፤ ሁለት ሳምንት ያህልም ያስደስታል። ከዚያ ግን የችግኙ ግንድ እየቀጠነ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አንገቱን ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ባለቤቱ ውሃ አንሶት ይሆናል ብሎ ያጠጣል። ለውጥ ሲያጣ ማዳበሪያ ይጨምራል። ሥሩ በእርጥበት ታፍኖ ይበሰብስና ተክሉ ይሞታል፤ ሰውየውም «እጄ ለአትክልት አይሆንም» ብሎ ዕቃውን በረንዳ ላይ ይደፋዋል።

እጁ ምንም አላጠፋም። የጎደለው ብርሃን ነበር፤ ውሃውም ማዳበሪያውም ያንን ጉድለት ሊሞሉት አይችሉም። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የምንሄደው በተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ያለንን ብርሃን እንለካለን፤ ከብርሃኑ ተነስተን ምን እንደምንተክል እንወስናለን፤ አፈርና ዕቃ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ብርሃንን በዓይን መለካት አይቻልም። ዓይናችን ደብዘዝ ያለ ቦታ ስንገባ ብሌኑን ያሰፋል፣ ፀሐይ ላይ ስንወጣ ያጠባል፤ አንጎላችንም ልዩነቱን ያቻችለዋል። ጋዜጣ ማንበብ እስከቻልን ድረስ ክፍሉ ብሩህ ይመስለናል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ደጅ የሚወርደው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። በዚያው ሰዓት በአንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ርቃችሁ ብትለኩ ከጥቂት መቶ ሉክስ የሚበልጥ ማግኘታችሁ ያጠራጥራል። ማታ በአምፖል የምንቀመጥበት ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ሉክስ በታች ነው። እኛ «ትንሽ ጨለም ብሏል» የምንለው ቦታ ለተክሉ ከደጁ ብርሃን ከመቶ እጅ በላይ ያነሰ ነው።

ቅጠል ስኳር የሚሠራው በሚያርፍበት ብርሃን መጠን ነው፤ የሠራውን ስኳር ደግሞ ቀንም ሌሊትም ለመተንፈስ ያቃጥለዋል። የሚሠራውና የሚያቃጥለው እኩል የሚሆኑበት ዝቅተኛ የብርሃን መጠን አለ። እዚያ ላይ ያለ ተክል አይሞትም፣ አያድግምም። ለጌጥ የምናስቀምጣቸው ጥላ ወዳድ ተክሎች ለዓመታት የሚቆዩት ይህ መጠን ለእነሱ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። ሰላጣና በሶብላ ግን የሜዳ ተክሎች ናቸው፤ ሲበዛላቸው እንጂ ሲያንሳቸው አይችሉም። ብርሃን ሲያጥራቸው ያላቸውን ጉልበት ሁሉ ግንድ በማስረዘም ላይ ያውሉታል፤ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ሣር ሸፍኗቸው ነውና፣ ከላዩ ብቅ ማለት ያድናቸው ነበር። ቤት ውስጥ ግን ከላዩ ብቅ የሚሉበት ብርሃን የለም።

መለኪያው በኪሳችሁ አለ። አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች የስክሪኑን ድምቀት የሚያስተካክል የብርሃን ዳሳሽ አላቸው፤ ንባቡን በሉክስ የሚያሳዩ ነፃ መተግበሪያዎችም ይገኛሉ። ስልኩን ተክሉ በሚቆምበት ከፍታ ላይ አስተኝታችሁ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ንባቡን መዝግቡ። የስልክ ንባብ እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክል አይደለም፤ በ500 እና በ10,000 መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ግን ከበቂ በላይ ነው። ውጤቱ ከ1,000 በታች ከሆነ ያ ቦታ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ የድንብላል ቅጠልና በሶብላ በቀን ለ14 ሰዓት ያህል ከ10,000 እስከ 15,000 ሉክስ ሲያገኙ ጥሩ ይሆናሉ። ቃሪያና ቲማቲም ፍሬ ማፍራት ስላለባቸው ከዚህ እጥፍ ይፈልጋሉ፤ ለጀማሪ አልመክራቸውም። ብዙ ሰው የሚጀምረው በቲማቲም ነው፤ ብዙ ሰው የሚተወውም በቲማቲም ነው።

መስኮትን በሚመለከት የውጭ መጻሕፍት የሚሰጡትን ምክር አዲስ አበባ ላይ እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። እነሱ «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ፈልጉ» ይላሉ፤ ለሰሜን አውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በስተደቡብ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት በኋላ እስከ ነሐሴ ደግሞ በስተሰሜን በኩል ታልፋለች። ከዚህም በላይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ስለምትሄድ፣ ቀትር ላይ ጨረሯ የሚወርደው ከጣሪያው በላይ ነው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት በረንዳ ይከለክለዋል፣ ወደ ክፍሉ ዘልቆ አይገባም። በዚህ ምክንያት ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩ መስኮቶች ናቸው፤ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት በቀጥታ ይገባባቸዋል። ምሥራቁን እመርጣለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ ቅጠል አያጠወልግም፣ ክረምት ላይም ደመናው ከመጠቅጠቁ በፊት ትገኛለች። ከመወሰናችሁ በፊት መስታወቱን እጠቡ። አቧራ፣ የመስኮት ብረትና ሳሳ ያለ መጋረጃ ተደማምረው ከሚገባው ብርሃን ብዙውን ያስቀራሉ።

ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ላለ አንባቢ ጉዳዩ ሌላ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ውስጥ የቀኑ ርዝመት 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሚኒያፖሊስም 9 ሰዓት አትሞላም። እዚያ የጤና አዳም ዘለላ ለቡናው፣ በሶብላ ለሽሮው የሚፈልግ ቤተሰብ በመስኮት ብቻ ክረምቱን አያሻግራቸውም። መብራት የግድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ መብራት መስኮቱን የሚደግፍ፣ መስኮት የሌለውን የኮሪደር ጥግ የሚያተርፍ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት መብራት? ገበያ ላይ «ለተክል የተሠራ» ተብለው በውድ የሚሸጡ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያበሩ መብራቶች አሉ። መነሻቸው እውነት ነው፤ አረንጓዴው የቅጠል ቀለም ከሁሉ በላይ የሚመጠው ሰማያዊና ቀይ ብርሃንን ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1972 ኪት ማክሪ የተባለ ተመራማሪ የብዙ ሰብሎችን ቅጠል በተለያየ ቀለም ብርሃን እያበራ ሲለካ፣ አረንጓዴውም ብርሃን ቢሆን በብዛት ሥራ ላይ እንደሚውል አሳየ። ተራው ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ከውስጡ ሰማያዊ መብራት ነው፤ በላዩ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይቀይረዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ሰማያዊውን ኤልኢዲ በፈጠሩት በኢሳሙ አካሳኪ፣ በሂሮሺ አማኖና በሹጂ ናካሙራ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ነው። እንግዲህ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚገዛው ነጭ መብራት ለሰላጣም ለበሶብላም በቂ ነው። ከቤታችሁ ጥግ በነጩ ብርሃን ሥር ቅጠሉን በትክክለኛ ቀለሙ ማየታችሁም ትልቅ ጥቅም ነው፤ በወይን ጠጁ ሥር ሕመም የጀመረው ቅጠል ከጤነኛው አይለይም።

ሲገዙ የሚታየው ዋት ሳይሆን ሉመን ነው። ሒሳቡ አንድ ጊዜ ቢሠራ ለሁልጊዜ ይጠቅማል። መደርደሪያችሁ 60 ሴንቲ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 0.24 ካሬ ሜትር ይሆናል። 14,000 ሉክስ እንዲያርፍበት ከፈለጋችሁ 14,000 በ0.24 ሲባዛ 3,360 ሉመን ይመጣል። ከመብራቱ የሚወጣው ሁሉ ቅጠሉ ላይ አያርፍም፤ ሲሶው በጎን ይባክናል ብለን ወደ 5,000 ሉመን ከፍ እናድርገው። ደህና ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ስለሚሰጥ የሚያስፈልገን 50 ዋት ነው፤ ይኸውም 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 10 ዋት ቱቦዎች አምስት ማለት ነው። በቀን ለ14 ሰዓት ቢበራ 0.7፣ በወር 21 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በወር ውስጥ 6 ሰዓት ሲሠራ የሚወስደው ያህል ነው። የመብራት ታሪፉ በእርከን ስለሚጨምር፣ ወርሃዊ ፍጆታችሁ ወደ ቀጣዩ እርከን ጠርዝ የተጠጋ መሆን አለመሆኑን ከቢላችሁ ላይ እዩ።

ርቀቱ ላይ አደራ እላለሁ። አንድ አምፖል ከቅጠሉ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ መብራት የቱንም ያህል ቢደምቅ ለመደርደሪያው የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ኤልኢዲ ብዙ ስለማያቃጥል ከቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጋችሁ፣ ተክሉ ባደገ ቁጥር የምታሳጥሩት ሰንሰለት ወይም ገመድ ላይ ስቀሉት። የመደርደሪያውን ጎኖች በነጭ ካርቶን ወይም በነጭ ቀለም ሸፍኑ፤ በጎን የሚሸሸውን ብርሃን ይመልሱታል።

ማብሪያ ማጥፊያውን ለራሳችሁ አትተዉት። ሶኬት ላይ የሚሰካ ታይመር ግዙና ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንዲያበራ አድርጉት። ተክል የቀንና የሌሊትን ርዝመት እንደሚቆጥር ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ የተባሉ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች አርሊንግተን፣ ቨርጂንያ ውስጥ በትምባሆ ተክል ላይ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1920 አትመዋል፤ አንዳንድ ተክል ሌሊቱ ካልረዘመ አያብብም፣ ሌላው ቀኑ ካልረዘመ አያብብም። መብራት ቢጠፋስ? አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቢጠፋ ተክሉ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው አንድ ሳምንት ሙሉ አንዴ ማታ አንዴ ቀን እያበሩ ማደናገር ነው።

ብርሃኑ ከተስተካከለ አፈሩ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። የእርሻ አፈር ዕቃ ውስጥ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። በተለይ መረሬ፣ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ከዕቃው ግድግዳ ይለያል፤ የምታጠጡት ውሃ በስንጥቁ አልፎ ከታች ይወጣና ሥሩ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ እጅ ቀላል አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ደግሞ በወንፊት የተለየ ደቃቅ ቀይ አሽ ቀላቅሉ። ለግንባታ ሙሌት የሚያገለግለው ይኸው ቀይ አሽ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ እርጥበትም አየርም ይይዛል። የአተር ፍሬ የሚያህለውን ውሰዱ፣ ዱቄቱን እጠቡና ድፉ፤ ዱቄቱ አየሩን ይደፍናል። ፍግ ከተጠቀማችሁ ሙሉ በሙሉ የበሰለ፣ ሽታው የጠፋ ይሁን። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ዝንብም ይጠራል።

ከዕቃው ሥር ጠጠር መደርደር የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ስሕተት ነው። ለማየት አንድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በአግድሙ ዘርግታችሁ ያዙት። ውሃው ይንጠባጠብና ይቆማል። ሳትጨምቁ በቁመቱ አቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። ያው ስፖንጅ፣ ያው ውሃ፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። አፈርም እንዲሁ ከታቹ የማይወጣ የውሃ ንብርብር ይይዛል፤ ንብርብሩ የሚቀመጠው አፈሩ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ጠጠር ስትደረድሩ ውሃው ወደ ጠጠሩ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ለሥሩ የቀረው ደረቅ ቦታም ያንሳል። የሚያስፈልገው ጥልቅ ዕቃና ከታቹ በቂ ቀዳዳ ነው። ሲሶ ያህሉ ከላይ የተቆረጠ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለበሶብላ ይበቃል፤ ለሰላጣ ደግሞ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በወገቡ ተቆርጦ ይሠራል፤ ምስማር አግላችሁ ቀዳዳውን ከታቹ ብሱ። ሃይላንዱ ግልጽ ስለሆነ ውጪውን በካርቶን ሸፍኑት፤ ብርሃን ከገባበት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሽበት ይበቅላል።

የበሶብላን ዘር መዝራት ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ፍሬ ያህል በማንኪያ ውሃ ውስጥ ጣሉና ተመልከቱ። ጥቁሩ ዘር በደቂቃዎች ውስጥ ዙሪያውን ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃናማ ዝልግልግ ልባስ ይለብሳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እያንዳንዱ ፍሬ ከነልባሱ እጥፍ ይሆናል። ይህ ልባስ ዘሩን ከአፈሩ ጋር ያጣብቀዋል፣ ውሃም ይዞለት ይቆያል። ትርጉሙ ለእናንተ ግልጽ ነው፦ በሶብላ በጥልቀት አይቀበርም። እርጥብ አፈር ላይ በትኑት፣ በጣት ጫን በሉት፣ እጅግ ስስ አፈር ነስንሱበት፤ ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሳምንት ገደማ ውስጥ ብቅ ይላል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፤ በሶብላ ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት ከመስኮቱ መስታወት ፈቀቅ አድርጉት።

የሰላጣ ዘር በአፈር ጨርሶ አይሸፈን። ብዙ ዝርያዎች ብርሃን ካላዩ በደንብ አይበቅሉም። ምክንያቱን ያወቁት የአሜሪካ ግብርና ተመራማሪዎች ናቸው፤ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጡት ጥናት። እርጥብ የሰላጣ ዘር ላይ ቀይ ብርሃን ሲያበሩ ይበቅላል፤ ወዲያው በቀዩ ዳርቻ ያለውን፣ ለዓይን የማይታይ ያህል ጥቁር ቀይ ብርሃን ሲያስከትሉበት ይቀራል። ሁለቱን እያፈራረቁ ደጋግመው ሲሞክሩም ዘሩ የሚታዘዘው ለመጨረሻው ብቻ ነበር። ሜዳ ላይ ይህ ነገር ዘሩን ያድነዋል፦ በሌላ ተክል ቅጠል ሥር አልፎ የሚመጣው ብርሃን ጥቁር ቀዩ የበዛበት ነውና፣ ዘሩ ጥላ ሥር መሆኑን አውቆ ይጠብቃል። ደቃቅ ዘር ትንሽ ስንቅ ብቻ ስለሚይዝ ጥላ ሥር ቢነሳ ረሃብ ይገድለዋል። እንግዲህ ዘሪው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ እርጥብ አፈር ላይ ዘርቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ በግልጽ ላስቲክ ሸፍኖ እርጥበቱን መጠበቅ።

ውሃ በቀን መቁጠሪያ አይጠጣም። ዕቃውን ካጠጣችሁ በኋላ በእጃችሁ አንሱትና ክብደቱን አስታውሱ፤ በማግስቱ እንደገና አንሱ። በሁለተኛው ሳምንት እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ቀልሎ ስታገኙት ከታች እስኪወጣ አጠጡ፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። ሥር እንደ እኛው ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ ሁልጊዜ ውሃ የሞላው አፈር ውስጥ ይታፈናል። ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ላይ መነሳት ከጀመሩ መድኃኒት አትፈልጉ። የላይኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር አፈር ሳይደርቅ እያጠጣችሁ ነው ማለት ነው፤ እጮቻቸው እርጥብ አፈር ካላገኙ አይኖሩም። ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ወገቡ ቀጥኖ ድንገት ቢወድቅም መንስኤው ያው እርጥበትና የቆመ አየር ነው።

ለዚህ ትንሽ የጠረጴዛ ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነት በቀን ጥቂት ሰዓት ማብራት ይረዳል፤ ሌላም ጥቅም አለው። ማርክ ጃፍ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ ደጋግሞ የሚነካ ወይም የሚወዛወዝ ግንድ አጭርና ወፍራም ሆኖ ያድጋል። ማራገቢያ ከሌላችሁ ጠዋት ጠዋት በመዳፋችሁ የችግኞቹን ጫፍ ዳበስ ዳበስ አድርጉ።

ኤሌክትሪኩን እንደ ቀላል ነገር አትዩ። ዲቫይደሩ ከመትከያ ዕቃዎቹ በታች መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከመደርደሪያው በላይ ግድግዳ ላይ ይታሰር። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘለል ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ስታጠጡ ሶኬቱን ንቀሉ።

በሶብላው አንድ ስንዝር ሲሆን ግንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ እምቡጥ አለች። ከታች ቆጥራችሁ ከሦስተኛው ጥንድ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በጥፍር ቁረጡት። ጫፉ ከታች ያሉትን እምቡጦች አፍኖ ይይዝ ነበር፤ እሱ ሲነሳ ሁለቱም ይነሳሉ፣ አንዱ ግንድ ሁለት ይሆናል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሁለቱንም ድገሙ።

የውጭ መጻሕፍት በሶብላን አበባ አታስይዙት ይላሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ለምለም ቅጠሉን ብቻ ነው። የእኛ ወጥ ቤት ግን አበባውንም ከነዘለላው ይፈልገዋል፤ ለበርበሬውም ለሽሮውም የሚደርቀው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርጣችሁ ካበዛችሁት በኋላ ተዉት ያብብ። ከታች ያሉት አበቦች ረግፈው ከላይ ያሉት ገና ሳይደርቁ ከነግንዱ ቁረጡና ጥላ ላይ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ቁልቁል ስቀሉት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ይተናል። ለዘር አንድ ሁለት ዘለላ ሙሉ በሙሉ ቡኒ እስኪሆን ድረስ ተክሉ ላይ አስቀሩ፤ በመዳፍ አሽታችሁ ስታራግቡት ጥቁሩ ዘር ይለያል፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ለሚቀጥለው ዓመትም ይበቅላል።